ይቁም ባይ ያጣ ቤት

ይህ ነገር የሆነባትን ከተማ ስም አልናገርም። ብናገር ሰዎቿ «እኛን ሊያማ ነው» ብለው ይቀየሙኛል፤ የሌላ ከተማ ሰዎች ደግሞ «እኛስ ከማን አንሰን ቀረን?» ብለው ይቀየሙኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሁለቱም ወገን ሱሪ የማሳጥርለት ደንበኛ አለኝ። ስለዚህ ከተማ ብዬ ልለፋት። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ ከሚያስፈልጋት በላይ ሹማምንት አሏት። ከገበያው ወጣ እንዳሉ፣ ከእኔ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ የንባብ ቤት አለ። የማወራችሁ ስለዚያ ቤትና እዚያ ብቻዋን ስለቀረችው ስለ ትርንጎ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ያልሰማሁት ነገር ትንሽ ነው፤ ያልሰማሁትንም እሷው ነግራኛለች።

በአገራችን መጽሐፍ በብራና እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ገልባጭ ደግሞ ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ያንጎላጀዋል፤ አንዳንዴም አዋቂነት ይቃጣውና ደራሲው የረሳውን ላስታውስለት ብሎ ከራሱ ይጨምራል፣ ያልጣመውን ይዘላል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ የንባብ ቤት ሠሩ። በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ አንባቢ ይባላል፤ በእጁ ያለውን ቅጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሌላው የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ይዞ በስንደዶ ዘንግ መስመሩን እየተከተለ ያዳምጣል። የሰማውና የሚያየው የተለያየ እንደሆነ «ይቁም» ይላል። ስሙም ይቁም ባይ ነው። ያን ጊዜ ንባቡ ይቆማል፤ ልዩነቱ በብራናው ጠርዝ ይጻፋል፤ የትኛው ይቀድማል፣ ማን ጨመረ፣ ማን ቀነሰ እየተባባሉ ይከራከራሉ፣ ይቀያየማሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ሥራው ጥቂት ሕጎች ነበሩት። ከሁሉ የጠነከረው «የብቻ ዓይን አይቆጠርም» የሚለው ነው። አንድ ሰው ለብቻው ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግቶ ልዩነት ቢያገኝ እንዳላገኘ ነው። ለብቻው የሮጠን ማን ይቀድመዋል ይላሉ የቤቱ ሰዎች። አንባቢ ሊያነበው፣ ይቁም ባይ ሊያስቆመው ይገባል። ሌላው ሕግ ደግሞ አንዴ ይቁም ከተባለ ነገሩ እልባት ሳያገኝ ጠረጴዛው ከቦታው አይነሳም የሚለው ነው። በልጅነቴ ጣሪያው ልክ ከጠረጴዛው በላይ አፈሰሰ። ሁለት ሊቃውንት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጣልተው ስለነበር ጠረጴዛውን ወደ ጎን መግፋት አልተቻለም። ክረምቱን በሙሉ በጃንጥላ ሥር ተከራከሩ። ጣሪያውን ማስጠገን ለምን እንዳልታሰበ ዛሬም አልገባኝም።

እኔ ሱቁን ከአባቴ በተረከብኩ ጊዜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በየማዕዘኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነብባሉ፤ «ይቁም፣ ይቁም» የሚለው ድምፅ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው በኩል እንደ ዶሮ ጩኸት ይመጣል። ከሁሉ የታወቁት ጥንድ ትርንጎና ልሳኑ ነበሩ። የሁለቱም መምህር የኔታ አምሳሉ ናቸው። እሷ ቃሉን ሳትውጥ፣ ሳታስጌጥ ታነባለች። እሱ ደግሞ ጆሮው ጉድ ነው፤ ከእጁ ስንደዶ ጆሮው ይቀድማል ይባል ነበር። ከተማው ይጋባሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ግን ቀኑን ሙሉ «ይቁም» የሚልሽን ሰው ማታም ቤትሽ አታስገቢም። እሷ የጨው ነጋዴ አገባች፣ በኋላም ባሏ ሞተባት። እሱም ሌላ አገባ። ጠረጴዛው ላይ ግን ከጥዋት እስከ ሠርክ ፊት ለፊት ነበሩ።

ከዚያ የመጪው ጊዜ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። መጪው ጊዜ ሳይቀድመን እንቅደመው ነው ዓላማው። የመጀመሪያው መመሪያ እንዲህ አለ፦ ማንኛውም አንባቢ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት በውስጡ ምን እንደሚያገኝ፣ ያገኘውም ነገር ምን እንደሚጠቅም ጽፎ ያቅርብ። የሚያገኘውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስለምን ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ጻፈ። የጻፈውን ያገኘ ተሾመ፤ ሌላ ነገር ያገኘ እንዲያርም ታዘዘ። የሚያርመውም ዕቅዱን አልነበረም፤ ግኝቱን ነው።

ቀጥሎ የሊቅ ትልቅነት ሌሎች ሊቃውንት ስሙን በጠሩት ልክ ይታያል ተባለ። ይህን ጊዜ ሊቃውንቱ «አንተ እኔን ጥራ፣ እኔ አንተን» ተባባሉ። እያደር ስም ጠሪ የሚባል ሙያ ተፈጠረ። በየጉባኤው በር ቁጭ ብለው ማንም ስለምንም ነገር ሲናገር መሐል ገብተው «እገሌ እንዳለው» የሚሉ ሰዎች ናቸው። እገሌ ምን እንዳለ አይጠየቁም። አንዱ ስም ጠሪ ካፖርት ሊያሰፋ መጥቶ እጅጌው ረዘመ ስለው «እገሌም ስለ እጅጌ እንዲሁ ብሏል» አለኝ።

ቤቱን የገደለው ግን የመጨረሻው ነው። ሳያቋርጥ መጽሐፍ አንብቦ ለጨረሰ ጥንድ በየዓመቱ ካባ ይሸለም ተባለ። ይህን ያሰበው ሹም ክፋት አልነበረውም፤ ብዙ ይቁም የሚባልበት ቤት ሥራ የማይጨርስ ቤት መስሎት ነው። ይቁም ባዮች መጀመሪያ ትንንሹን ልዩነት አለፉ፤ ቀጥሎ መካከለኛውን፤ በኋላ ትልቁንም ዋጡት። ንባቡ እንደ ዘይት ፈሰሰ። ካባውን የምሰፋው እኔ ስለነበርኩ አልተቃወምኩም። በግድግዳው በኩል ይመጣ የነበረው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን መቀሴን አስቀምጬ ሳዳምጥ የሚሰማው የሁለት ሰዎች ብቻ ሆነ። ሌላው ያነባል፤ የሚያስቆም የለም።

የኔታ አምሳሉ በዚህ መሐል አረፉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ ነበር የሚያስተምሩት፤ ሲሞቱም ሐኪሙን ሞቴ መሆኑን በምን አወቅህ ብለው ጠይቀውታል አሉ። ከሳቸው በኋላ ልሳኑ ተሾመ። የማጠቃለያ ሹም አደረጉት፤ አልቋል የተባለ ሥራ ሁሉ አልቋል ብሎ የሚፈርም ማለት ነው። ትርንጎን ሊሰናበት ሲመጣ ጉልበቴን አመመኝ፣ ወንበሩ ጠንካራ ነው፣ ልጆች አሉኝ አላት። ሦስቱም እውነት ነበር። ስንደዶውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ፤ እሷም ከዚያ ቦታ አላነሳችውም።

እንግዲህ የትርንጎ ነገር ይህ ነው። በከተማችን የመሻገር መጽሐፍ የሚባል አለ። አባቶቻችን ወንዙን ተሻግረው ወደዚህ ምድር እንዴት እንደመጡ ይናገራል። በየዓመቱ በመስክ ላይ ለሕዝብ ይነበባል፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ወንዙን ተሻገርን፤ ደከመን። በማዶው ተኛን፤ ሲነጋም ምድሩ የእኛ ሆነ» ይላል። ከእኛ ሌላ በወንዙ ግርጌ የሚኖሩ የታች አገር ሰዎች የምንላቸው አሉ፤ ምንጣፍና ዓሣ ይሸጡልናል። በንባቡ ቀን እነሱም ይመጣሉ፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ስለሌሉ ከኋላ ይቀመጣሉ። ደንቡ ነው። ተቀመጡ ብሎ የሚያስገድዳቸውም የለም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

የኔታ አምሳሉ ከመሞታቸው በፊት ከታች አገር ጠርዙ የተቃጠለ አንድ ቅጂ አስመጥተው ነበር። ሳያመሳክሩት አረፉ። ትርንጎ ስትገልጠው «ወንዙን ተሻገርን፤ ደከመን» ይልና ይቀጥላል፦ «የማዶው ሰዎች እራት አበሉን፤ በቤታቸውም አስተኙን። ውለታችሁን እንመልሳለን አልናቸው። ሲነጋም አብረን ወደ ምድሩ ወጣን።»

ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብላ አየችው። የጨመሩት እነሱ ናቸው ወይስ የዘለልነው እኛ ነን? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ልዩነቱ መመዝገብ አለበት፤ ለመመዝገብ ደግሞ ከፊቷ ተቀምጦ ይቁም የሚል ሰው ያስፈልጋል። የብቻ ዓይን አይቆጠርም። ትርንጎ ለሥራዋ እንኳ ይህን ያህል አትጨነቅም ነበር። የጨነቃት እሷ ያየችው ነገር ከእሷ ጋር መቀበሩ ነው፤ ያ ሁሉ የታች አገር ሰው በየዓመቱ ከኋላ እየተቀመጠ ሊቀጥል ነው። በግድግዳው በኩል ያቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ስታነባት እሰማ ነበር። አንብባ ዝም ትላለች። መልስ የምትጠብቅ ይመስላል።

ከዚያ ፍለጋ ጀመረች። ከቀድሞዎቹ ይቁም ባዮች አንዱ ዓይኑ ጠፍቷል። ሌላው ስም ጠሪ ሆኗል፤ ልመናዋን ሳይጨርስ ሰምቶ «እገሌም ይህንኑ ብሏል» ብሎ መለሳት። ወጣት ሊቃውንት ዘንድ ሄደች። አንደኛው የመሻገር መጽሐፍን ያጠኑ ሰዎችን ያጠኑ ሰዎችን የሚያጠና ነው። መጽሐፉን ራሱን ከገለጥኩት ገለልተኛነቴ ይበላሻል አላት፤ ከልቡ ነበር። ሌላዋ እውነትም ጉዳዩ ከነከናት፤ ነገር ግን ዕቅዷ ውስጥ ስለሌለ ዕቅዷን የምታሻሽልበትን ዓመት ጠብቂኝ አለቻት። ትርንጎ እስከዚያ በሕይወት እኖር እንደሆነ ዕቅድ የለኝም ብላ ወጣች።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች። ማንበብ እችላለሁ፤ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ሞክሪኝ አልኳት። ከፊቷ ተቀምጬ ስንደዶውን ያዝኩ። ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር በግድግዳ በኩል አይታወቅም ነበር። አባቶቻችን ወንዙ ዳር ደረሱ፤ ውኃው ሞልቷል፤ ከብቱ ፈራ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በራሳቸው ላይ ተሸከሙ። ስንደዶው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላወቅሁም። ተሻግረው እስኪያበቁ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ቀና ስል ትርንጎ እያየችኝ ነው።

«ደግፌ፣ ታሪኩን ወደድከው» አለችኝ።

ወደድኩት አልኳት። በሙያው ዘንድ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። ታሪክ የጣመው ይቁም ባይ ጨው እንዳገኘች ላም ነው፣ ከዚያ አይነሳም ይላሉ። አልተቆጣችኝም፤ ወደ ስፌት መኪናዬ መልሳ ሸኘችኝ። ያን ቀን የሰፋሁት ኮት አንዱ ትከሻው ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ። አዝኜ ነበር።

ትርንጎ ለጽሕፈት ቤቱ ይቁም ባይ ይሰጠኝ ብላ አመለከተች። አልዘገዩም፤ አስማሚ የሚባል ሳጥን ላኩላት። በከተማው ያሉ ቅጂዎች ሁሉ ተነብበውለታል ተብሏል። ይሰማል፣ ይናገራል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። ፊት ለፊቷ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ከታች አገሩ ቅጂ አነበበችለት። «ደከመን» ብላ «የማዶው ሰዎች እራት አበሉን» ስትል ሳጥኑ «ይስማማል» አለ። ደግማ አነበበችለት። «በሚገባ ይስማማል» አለ። ከመሳቢያዋ ለጣሪያው ጥገና የጻፈችውን አሮጌ ማመልከቻ አውጥታ አነበበችለት። «ከቅጂዎቹ ጋር ይስማማል፤ አነባበብዎም ያማረ ነው» አለ።

ሄዳ አቤት አለች። ሹሙ በትዕግሥት ሰማት። ይስማማል ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ አላት። ከተማው የቸገረው የሚጣላ እንጂ የሚስማማ አይደለም። በዚያውም አስማሚው ሥራውን ስለጨረሰ፣ ከቅጂዎቹ መካከል አንድም ልዩነት ስላልተገኘ፣ የንባብ ቤቱ በክብር እንዲዘጋ መወሰኑን ነገራት። ጠረጴዛው ለጽሕፈት ቤቱ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ይወሰዳል። እዚያ ስለ ንባብ መጪ ዕድል ታላቅ ጉባኤ ስለሚካሄድ ያንን የሚያክል ጠረጴዛ ጠፍቶ ነበር።

መዝጊያውን የሚያስፈጽመው የማጠቃለያ ሹሙ ነው። ልሳኑ መጣ። ሱሪውን ለዓመታት ስለሰፋሁለት በወገቡ የጨመረውን ሥልጣን አውቀዋለሁ። ሲያልፍ ሰላም አለኝና ገባ። ትርንጎን እርስዎ አላት። ይህ ሁሉ ዘመን አንቺ ሲላት ኖሮ እርስዎ አላት። ሥነ ሥርዓቱን አስረዳት፦ የንባብ ቤት ሲዘጋ አንባቢና ይቁም ባይ አንዲት ገጽ ሳያቋርጡ አንብበው ይጨርሳሉ፤ ሥራው ማለቁ በዚያ ይታወቃል። አንባቢዋ እሷ ናት። የይቁም ባይነት ማዕረግ ያለው ጤነኛ ሰው ከእሱ በቀር ስላልተገኘ እሱው ይቀመጣል። የሚነበበው የመሻገሩ ገጽ ይሁን፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፣ እንግዶቹም ምሳ ይጠብቃቸዋል አላት።

ትርንጎ የታች አገሩን ቅጂ ገፋ አድርጋ አሳየችውና ያየችውን ነገረችው። ልሳኑ ወደ ብራናው አልተመለከተም፤ መስኮቱን ነበር የሚያየው።

«ሥራው አልቋል፣ ወይዘሮ ትርንጎ» አላት።

«ሥራው አላለቀም፤ ሠራተኛው ነው ያለቀው» አለችው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ አለችው፤ የማነብበትን ቅጂ እኔ ልምረጥ። ልሳኑ ስንደዶውን አየ፣ ትቶት የሄደበት ቦታ ላይ ነበር። የፈለጉትን ያንብቡ ብሎ ወጣ። በሱቄ በር ሲያልፍ ጉልበቱን ሲያሽ አየሁት።

የመዝጊያው ዕለት ቤቱ እንደ ጥንቱ ሞላ። ሹማምንቱ ከፊት፣ ሊቃውንቱ ከኋላቸው፣ ስም ጠሪዎቹ በበሩ። አስማሚው ሳጥን በክብር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛውን የሚያነሡ ተሸካሚዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ንግግር ተደረገ፤ የንባብ መጪ ዕድል ብሩህ ነው ተባለ፤ ተጨበጨበ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ትርንጎ የምትለብሰውን ቀሚስ እኔ ነበርኩ የሰፋሁላት፤ ለቀብር የሚሆን ጥቁር ይሁን ብላኝ ነበር።

ተቀመጡ። ልሳኑ ስንደዶውን አነሳ። ትርንጎ ማንበብ ጀመረች። ውኃው ሞላ፣ ከብቱ ፈራ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ተሸከሙ። ሹማምንቱ በከንፈራቸው አብረው ይላሉ። «ወንዙን ተሻገርን፤ ደከመን» አለች። «የማዶው ሰዎች እራት አበሉን» አለች።

ከንፈሮቹ ቆሙ። አንዱ ሹም ጎረቤቱን አየ። የልሳኑ ስንደዶ ግን መንገዱን ቀጠለ። ትርንጎ ለጥቂት ጠበቀች፤ አንባቢ ሳይባል አይቆምም። «በቤታቸውም አስተኙን» አለች። «ውለታችሁን እንመልሳለን አልናቸው» አለች፤ ይህችን ስትል ድምፅዋ ወረደ፣ ከዚያ በላይ የማይችል ሰው ድምፅ ሆነ። ተሸካሚዎቹ ከግድግዳው ተላቀው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ፤ ያ ሁሉ ዕድሜ ለዚህ ነው።

«ይቁም» አለ ልሳኑ።

ጮክ ብሎ አይደለም፤ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ያህል ነው። ትርንጎ ጣቷን በቃሉ ላይ አድርጋ ቆመች። ሳጥኑ ከከፍታው ላይ «ይስማማል» አለ፤ የሰማው ግን አልነበረም። ተሸካሚዎቹ የያዙትን የጠረጴዛ ጫፍ ለቀቁ። አለቃቸው፣ ሹማምንቱን እንኳ ሳያይ፣ ይቁም ከተባለ እኛ አንነካም አለ። የእሱም አባት ተሸካሚ ነበር፤ ደንቡን ያውቃል።

የጽሕፈት ቤቱ ምክትል ሹም ወደ ልሳኑ ጎንበስ ብሎ ቃሉን እንዲያነሣ ለመነው። ድካም ነው ይበሉ፣ መነጽር ነው ይበሉ አለው። ልሳኑ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው አለና መነጽሩን አውልቆ በካባው ጫፍ ጠረገ። ደክሞታል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ ከሰው ሁሉ መሐል ትርንጎን ብቻ አያት።

«አንቺ፣ እንደገና አንብቢልኝ» አላት። «ከደከመን ጀምረሽ።»

አነበበችለት። እያነበበች አለቀሰች። የደስታ አልነበረም፤ በጣም የከረመ ድካም ሲወጣ እንዲህ ነው። ሁለቱም በየቅጂያቸው ጠርዝ ጻፉ። እንግዶቹ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ብለው ወጡ።

በኋላ ልሳኑን ለምን ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳለፍክ ብዬ ጠየቅሁት። ሱሪውን ሊያስጠብብ መጥቶ ነበር፤ ሹመቱን ወስደውበት ከስቷል። ጆሮዬ ወዲያው ሰምቷል አለኝ። አፌን የያዘኝ ፍርሃት ነው። ሦስተኛዋን ስታነብ ድምፅዋ ሲወርድ ግን፣ በሕይወቷ ድምፅዋን አውርዳ አንብባ አታውቅም፤ እሱን መስማት አልቻልኩም አለኝ።

ቤቱ ያው ተዘግቷል። በመዝገብ ተዘግቷል ማለቴ ነው፤ ጠረጴዛውን ማንሣት ስላልተቻለ ሁለት ሰዎች የሚሠሩበት የተዘጋ ቤት ሆኖ ቀረ። ጣሪያው ያፈስሳል። ለተዘጋ ቤት ጣሪያ አይጠገንም ተብሏል። ሊቃውንቱ የትኛው ቅጂ ይቀድማል በሚል ጉባኤ ቢቀመጡም በትንንሽ ጠረጴዛዎች ላይ ተበታትነው ስለነበር አልተሰማሙም። ነገሩ እስኪጣራ በዓመታዊው ንባብ ላይ «ደከመን» ከተባለ በኋላ አንባቢው ጥቂት ዝም ይበል ተብሎ ተወሰነ። ማንንም የማያስከፋ ውሳኔ ነበር።

የንባቡ ቀን መጣ። ትርንጎ ነበረች አንባቢዋ። «ወንዙን ተሻገርን፤ ደከመን» አለችና ዝም አለች። መስኩ ሁሉ ዝም አለ። ልጆች እንኳ ዝም አሉ። በመጽሐፉ ታሪክ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ያዳመጠበት ቦታ የለም፤ የሚነበብ ነገር ግን አልነበረም። በዚያ ዝምታ መሐል ከኋላ፣ ከታች አገር ሰዎች ወንበር አንዲት ባልቴት ተነሡ። ማንጠግቦሽ ይባላሉ፤ ምንጣፍ ይሸጣሉ።

«ለመሆኑ ምን ነበር ያበላናቸው?» ብለው ጠየቁ።

ቅጂው ይህን አይናገርም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የንባብ ቤቱን በር አልፈው ሲገቡ አየሁ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ሦስተኛ ወንበር። ትርንጎ እናንተ ዘንድ ምን ይባላል ብላ ጠየቀቻቸው። ልሳኑ ጉልበቱን እያማረረ ተቀመጠ፣ ቅጂውን ገለጠ። ባልቴቷም ከእናታቸው የሰሙትን በቃላቸው ጀመሩ። መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ሰዎቹ እርጥብ ሆነው መጡ፤ እሳት ተነደደላቸው፤ ዓሣው ተጠበሰ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይብሉ ተባለ።

«ይቁም» አለ ልሳኑ።

ባልቴቷ ተቆጡ።

«ምን ይቆማል? ገና መቼ ጠገቡና።»